የምርጫ በርና የሹም ሽር በር
ስለ አቤል አሊየር የሕዝብ እንደራሴነት ሥራና የምርጫ ታሪክ፥ በጁባ ከተማ በጀበል ሰፈር ለመምህራን የተሰጠ ንግግር



የአንድ የሕዝብ እንደራሴ የምርጫ መዝገብ በመጀመሪያ ሲያዩት ደረቅ ነገር ይመስላል። በዚህ ዓመት ተመረጠ፥ በዚያ ዓመት ተሸነፈ፥ ኋላም ተመልሶ ገባ ከማለት በቀር ሌላ የሚነገርበት ጉዳይ ያለ አይመስልም። ነገር ግን መዝገቡን በዝግታ የገለጠ ሰው ከአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ የሚበልጥ ነገር ያገኝበታል። እንደራሴው ወደ ወንበሩ በምን በር እንደ ገባ፥ ከወንበሩም በምን በር እንደ ወጣ ሲመረመር፥ የአገሩ የሕግ ቤት ግድግዳ ከድንጋይ ይሁን ከጭቃ የተሠራ በዚያ ይታወቃል።

የኢትዮጵያ ሰው ሹም ሽር የሚለውን ቃል ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በሹም ሽር ሥርዓት የሾመ ይሽራል፤ የተሾመውም ምክንያቱን አይጠይቅም፤ የሚገዛውም ሕዝብ አይጠየቅም። ምርጫ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። በምርጫ የሚሾመውም የሚሽረውም አንዱ ሕዝብ ነው። ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ ቤት ውስጥ ተቀላቅለው የተገኙ እንደ ሆነ ግን ምን ይደርሳል? ለዚህ ጥያቄ ከአቤል አሊየር የምርጫ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ በቅርብ አይገኝም።

ነገሩም ለዚህ ስፍራ ሩቅ አይደለም። ጀበል ማለት በዐረብኛ ተራራ ማለት ሲሆን፥ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከከተማው በስተ ምዕራብ ከሚታየው ከጀበል ኩጁር ነው። ታሪኩ የሚነገርለት የደቡብ ሱዳን ራስ ገዝ ምክር ቤት ጉባኤውን ያደርግ የነበረው በዚሁ በጁባ ከተማ ነው። ምክር ቤቱን የወለደው ውል ደግሞ የተፈረመው በአዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ታሪኩ ጁባንና አዲስ አበባን እኩል ይመለከታል። በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዘመናት፥ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አቤል አሊየር በ1933 ዓ.ም በቦር አውራጃ ከዲንቃ ወገን ተወለዱ። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው ዳኛ ሆኑ፤ እስከ 1965 ዓ.ም ድረስም በዳኝነት አገለገሉ። ያ ዘመን ከደቡብ የወጣ ሰው በዳኝነት ወንበር ላይ ማየት ብርቅ የነበረበት ዘመን ነው። የደቡቡ ጦርነት ከ1955 ዓ.ም ጀምሮ እየነደደ ነበርና፥ በ1965 ዓ.ም በመጋቢት ወር የሰሜንና የደቡብ ፓርቲዎች በካርቱም የክብ ጠረጴዛ ጉባኤ የተባለውን ስብሰባ አደረጉ። ከጉባኤው በኋላ መፍትሔ እንዲፈልግ አሥራ ሁለት አባሎች ያሉት ኮሚቴ ሲቋቋም፥ አቤል አሊየር ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ሆኑ። ከዳኝነት ወደ ፖለቲካ ያሻገራቸው ድልድይ ይህ ነበር።

የመጀመሪያው የምርጫ ድላቸው የ1968 ዓ.ም ነው። በዚያ ዓመት በተደረገው የሱዳን ምክር ቤት ምርጫ የደቡብ ግንባር በተባለው ፓርቲ ስም ተወዳድረው እንደራሴ ሆኑ። ፓርቲያቸው በጠቅላላው 10 ወንበር፥ ሳኑ የተባለው ሌላው የደቡብ ፓርቲ ደግሞ 15 ወንበር አገኙ። የምርጫው ጊዜ ግን የደስታ ጊዜ አልነበረም። የሳኑ መሪ ዊሊያም ዴንግ ምርጫው በተፈጸመበት ሰሞን በመንገድ ላይ ተገደሉ። ምክር ቤቱም ዕድሜ አላገኘም። በግንቦት 25 ቀን 1969 ዓ.ም ኮሎኔል ጃዕፈር ኑሜሪ በጦር ኃይል መንግሥቱን ያዙና ምክር ቤቱን ዘጉት። ስለዚህ አቤል አሊየር በሕዝብ ድምፅ ያገኙትን የመጀመሪያ ወንበር ያጡት በመራጭ ፈቃድ ሳይሆን በወታደር ትእዛዝ ነው። ይህን አንድ ብሎ መቁጠር ያስፈልጋል።

አዲሱ መንግሥት የደቡብን ራስ ገዝነት እንደሚቀበል በሰኔ ወር 1969 ዓ.ም ስላስታወቀ፥ አቤል አሊየር ሚኒስትር ሆነው ገቡበት። በ1971 ዓ.ም የደቡብ ጉዳይ ሚኒስትርና የሱዳን ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚህም ሥልጣናቸው የሱዳንን መንግሥት መልእክተኞች መርተው ወደ አዲስ አበባ መጡ። የደቡቡን ነጻ አውጪ ንቅናቄ መልእክተኞች የመሩት ኤዝቦኒ ሞንዲሪ ነበሩ። የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ሽማግሌዎች ሆነው ሁለቱን ወገኖች አገናኙ። ንግግሩ በሠራዊቱ ጉዳይ ላይ ሲቋጠር ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ገብተው አግባቡ፤ በደቡብ የሚሰፍረው ጦር 6,000 ከደቡብ ተወላጆች፥ 6,000 ከሌላው የሱዳን ክፍል እንዲሆን ተስማሙ። ውሉ በየካቲት 19 ቀን 1964 ዓ.ም እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ተፈረመ፤ በመጋቢት 18 ቀንም ጸደቀ። ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም መሆኑ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት የቆየው ጦርነት በዚህ ቆመ።

በውሉ መሠረት የወጣው የራስ ገዝ አስተዳደር ሕግ ለደቡብ ሁለት ነገር ሰጠ፤ አንደኛው በሕዝብ የሚመረጥ ምክር ቤት፥ ሁለተኛው ከፍተኛ አስፈጻሚ ሸንጎ ነው። መከላከያ፥ የውጭ ጉዳይ፥ ገንዘብና ጉምሩክ ለካርቱም መንግሥት ተተዉ። ፖሊስና ወኅኒ ቤት፥ የገጠር ልማት፥ የሕዝብ ጤና፥ ትምህርት ቤቶችን በብሔራዊው ፕላን መሠረት ማቋቋምና ማስተዳደር፥ የአካባቢውን ቋንቋና ባህል ማሳደግ የጁባው ምክር ቤት ሥራ ሆነ። ዐረብኛ የመላው አገር የመንግሥት ቋንቋ ሲሆን፥ እንግሊዝኛ የደቡብ ዋና ቋንቋ እንዲሆን ተደነገገ። ሕጉ እንዲሁ በቀላሉ እንዳይፈርስ አጥር ተበጀለት። ሕጉን ለመለወጥ ከብሔራዊው ምክር ቤት አባሎች አራት እጅ ሦስቱ መስማማት፥ ከዚያም በላይ ከደቡብ መራጮች ሦስት እጅ ሁለቱ በሕዝብ ድምፅ መፍቀድ ነበረባቸው።

ይሁን እንጂ በዚሁ አጥር ውስጥ አንድ ቀዳዳ ቀርቶ ነበር። የአስፈጻሚው ሸንጎ ሊቀ መንበር የሚሾመው በምክር ቤቱ አቅራቢነት በሱዳን ፕሬዚዳንት እጅ ነበር። ሕጉ ሲጻፍ አሳቡ የሕዝቡ ቤት ይመርጣል፥ ፕሬዚዳንቱም የተመረጠውን ያጸድቃል ማለት ነው። ነገር ግን ሾሚው ብርቱ፥ አቅራቢው ደካማ የሆነ እንደ ሆነ፥ ምርጫው ሳይታወቅ ወደ ሹም ሽር ይለወጣል። ከዚህ በኋላ የሚነገረው ሁሉ የዚህ ቀዳዳ ታሪክ ነው።

አቤል አሊየር በ1972 ዓ.ም የጊዜያዊው ሸንጎ ሊቀ መንበር ሆነው ተሾሙ። የመጀመሪያው የራስ ገዝ ምክር ቤት ምርጫ በ1973 ዓ.ም መጨረሻ ተደረገ። አዲሱ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ለመምረጥ በተሰበሰበ ጊዜ ግን ፕሬዚዳንት ኑሜሪ የብቸኛውን ገዥ ፓርቲ ዕጩ አስቀድመው አስታወቁ፤ ዕጩውም አቤል አሊየር ነበሩ። ስለዚህ ያለ ተፎካካሪ ተመረጡ። ለቦታው የሚገቡ ሰው መሆናቸውን ብዙዎች ያምኑ ነበር፤ ተወዳድረው ቢሆን ኖሮ ማሸነፋቸውም የማይቀር ይመስላል። ነገር ግን ምክር ቤቱ በገዛ ፈቃዱ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ከላይ ተነግሮት ስላደረገው፥ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ መታዘዝን ለመደ።

በዚያ ዘመን የተሠራው ሥራ ቀላል አልነበረም። ከስደትና ከጫካ የተመለሰውን ሕዝብ ማስፈር፥ የተቃጠሉትን ትምህርት ቤቶች መክፈት፥ መንገድ መጥረግ፥ ተዋጊውን ወደ ሠራዊትና ወደ ሲቪል ሥራ ማስገባት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣ። የጁባ ዩኒቨርሲቲም በ1975 ዓ.ም ተቋቋመ። ለመምህራን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚያ በፊት የደቡብ ልጅ ከፍተኛ ትምህርት ሲፈልግ ወደ ካርቱም ወይም ወደ ውጭ አገር ከመሄድ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ከሥራቸው ሁሉ ግን ይበልጥ የሚታወሰው የጆንግሌይ ቦይ ነው። በነጭ ዓባይ ረግረግ እየተንጣለለ በፀሐይ የሚያልቀውን ውሃ በ360 ኪሎ ሜትር ቦይ ለማሳለፍ ሱዳንና ግብፅ በ1974 ዓ.ም ተስማሙ። በጥቅምት ወር በጁባ የግብፅ ገበሬዎች በብዛት ሊሰፍሩ ነው የሚል ወሬ ተነዛና ተማሪዎችና የከተማው ሰዎች ተቃውሞ አደረጉ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ቦዩ የሚያልፈው የአቤል አሊየር የትውልድ አካባቢ በሆነው ከብት አርቢ አገር ነበር። እሳቸው ግን በምክር ቤቱ ቆመው ዕቅዱን ደገፉ፤ ሕዝቡን ለገዛ ጥቅሙና ከኋላው ለሚመጣው ትውልድ ሲባል በበትርም ቢሆን ወደ ገነት መንዳት እንደሚገባ ተናገሩ።

ይህ ንግግር ከስማቸው ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። በዚያን ጊዜ ልማት ከላይ የሚወርድ ነገር ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ የአፍሪካ መሪዎች ስለ ነበሩ እሳቸውን ብቻ መውቀስ ቅን ፍርድ አይሆንም። ነገር ግን እንደራሴ እረኛ አይደለም። በሬ ሲነዳ ወዴት እንደሚሄድ አይጠየቅም፤ መራጭ ግን ይጠየቃል። የቦዩ ቁፋሮ በ1978 ዓ.ም ተጀምሮ ሁለት ሦስተኛው ያህል ከተቆፈረ በኋላ፥ አዲሱ ጦርነት ሲነሣ ቆመ። የአካባቢው ሰው አስቀድሞ በደንብ ተጠይቆና ተማክሮበት ቢሆን ኖሮ የቦዩ ዕጣ ሌላ ይሆን እንደ ነበረ ማሰብ ይቻላል።

አሁን ወደ 1978 ዓ.ም እንደርሳለን። በዚያ ዓመት በየካቲት ወር ሁለተኛው የምክር ቤት ምርጫ ተደረገ። መራጩ ሕዝብ በመንግሥቱ ላይ ያለውን ቅሬታ በድምፁ ገለጸ፤ ከአቤል አሊየር ሚኒስትሮች መካከልም ወንበራቸውን ያጡ ነበሩ። አብዛኛው ወንበር የቀድሞውን የደቡብ ተዋጊዎች ጦር መሪ ጄኔራል ጆሴፍ ላጉን በሚደግፉ ሰዎች ተያዘ። አቤል አሊየር ይህን ባዩ ጊዜ ከውድድሩ ራሳቸውን አገለሉ፤ ላጉም ሊቀ መንበር ሆኑ። ጥይት አልተተኮሰም፤ የታሰረ የለም፤ ቢሮው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ተላለፈ።

ክቡራን መምህራን፤ ከመዝገቡ ሁሉ ይበልጥ ሊሰመርበት የሚገባው መስመር ይህ ነው። በዚያ ዘመን በአፍሪካ ምድር በድምፅ ተሸንፎ ወንበሩን በሰላም ያስረከበ የመንግሥት መሪ እጅግ ጥቂት ነበር። በኢትዮጵያ ከ1957 ዓ.ም ጀምሮ የሕዝብ እንደራሴዎች ይመረጡ ነበር፤ ነገር ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ነበሩ መንግሥት በምርጫ የሚለወጥበት መንገድ አልነበረም። በሱዳንም በካርቱም የነበረው መንግሥት የአንድ ሰውና የአንድ ፓርቲ መንግሥት ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል፥ በጦርነት የወደመችው ጁባ የሽንፈትን ሥርዓት ለአገሩ አሳየች። ድልን ሁሉም ይችለዋል፤ ሽንፈትን መቻል ግን የሠለጠነ ሕዝብ ምልክት ነው።

ያሳዝናል፤ ይህ ልማድ ሥር ሳይሰድ ተነቀለ። በላጉና በምክር ቤቱ አንዳንድ አባሎች መካከል ጠብ በተነሣ ጊዜ፥ ፕሬዚዳንት ኑሜሪ በ1980 ዓ.ም መጀመሪያ ምክር ቤቱን በተኑት፤ ፒተር ጋትኩኦትንም ለጊዜው በሊቀ መንበርነት ሾሙ። በዚያው ዓመት ምርጫ ተደርጎ አዲሱ ምክር ቤት አቤል አሊየርን መረጠ። እርግጥ ነው፥ ተመልሰው የገቡት በድምፅ ነው። ነገር ግን በሩን የከፈተላቸው የምክር ቤቱ ዘመን መፈጸም ሳይሆን የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ነበር። የአቤል ወገን በላጉ ውድቀት ደስ ሲለው፥ ትእዛዙ ሕጋዊ ይሁን አይሁን አጥብቆ የጠየቀ አልነበረም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም እንደ ተባለው፥ ያው ቁና ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ መጣ።

በሁለተኛው የሊቀ መንበርነት ዘመናቸው ትልቅ ፈተና ገጠማቸው። በ1978 ዓ.ም በቤንቲዩ አካባቢ ነዳጅ ዘይት ተገኝቶ ነበርና፥ በ1980 ዓ.ም መጨረሻ በካርቱም የወጣው የወሰን ረቂቅ ዘይቱን ያለበትን ምድር ከደቡብ የሚቆርጥ ሆኖ ተገኘ። የጁባው ምክር ቤት በአንድ ድምፅ ማለት ይቻላል ተቃወመ፤ ተማሪውም ሕዝቡም ተነሣ፤ ፕሬዚዳንቱም ለጊዜው ከአሳባቸው ተመለሱ። አንድ የሕዝብ ቤት ቃሉን ሲያስተባብር ምን ያህል ብርታት እንዳለው በዚህ ታየ።

ነገር ግን ቃሉ ተባብሮ አልቆየም። የኢኳቶሪያ ሰዎች በመንግሥት ሥራ ላይ ብዙ ቁጥር ያላቸው ወገኖች፥ ይልቁንም ዲንቃዎች በዝተውብናል ብለው አጉረመረሙ፤ ደቡቡም ወደ ሦስት ክልል እንዲከፈል ጠየቁ። ይህንንም አሳብ በባሪ ቋንቋ ኮኮራ አሉት፤ ማካፈል ማለት ነው። ጆሴፍ ላጉ ለዚህ አሳብ በ1981 ዓ.ም በጽሑፍ ተሟገቱ፤ አብዛኛው የምክር ቤት አባል ግን ክፍፍሉን ተቃወመ። ቅሬታው ከንቱ አልነበረም፤ ብዙው ወገን ትንሹን ወገን ሰምቶ ማጽናናት ነበረበት። ይሁን እንጂ ክርክሩ በተገቢው ቦታ፥ በምክር ቤቱ ወለል ላይ ይካሄድ ነበር። በጥቅምት ወር 1981 ዓ.ም ፕሬዚዳንት ኑሜሪ ምክር ቤቱንም ሸንጎውንም እንደገና በተኑ። በአቤል አሊየር ፋንታ ጄኔራል ጊስማላ ራሳስ ተሾሙ። ላጉን የጣለው በትር ሁለት ዓመት ሳይሞላ አቤልንም ጣለ።

እንግዲህ መዝገቡን እንደምር። አቤል አሊየር ከተመረጡበት ወንበር ሦስት ጊዜ ወረዱ፤ በ1969 ዓ.ም፥ በ1978 ዓ.ምና በ1981 ዓ.ም። ከሦስቱ በመራጭ ድምፅ የወረዱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱን ጊዜ ያወረዳቸው ትእዛዝ ነው። በድምፅ በወረዱበት ጊዜ አገሩ ሰላም ነበር። በትእዛዝ ከወረዱ በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነው። በ1982 ዓ.ም በተደረገው ምርጫ ጆሴፍ ጀምስ ቶምቡራ ሊቀ መንበር ሆኑ፤ ነገር ግን ቤቱ ዕድሜው አጭር ነበር። በሰኔ 5 ቀን 1983 ዓ.ም ፕሬዚዳንቱ በአንድ አዋጅ ደቡቡን ወደ ሦስት ክልል ከፈሉት። አራት እጅ ሦስቱም፥ ሦስት እጅ ሁለቱም፥ የሕዝብ ድምፅም አልተጠየቁም። ከአዋጁ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ በግንቦት ወር በአቤል አሊየር አገር በቦር የሰፈረው ጦር ሸፍቶ ነበር። ከዚያ የተነሣው ጦርነት እስከ 2005 ዓ.ም ድረስ ሃያ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። ጦርነቱን ያመጣው ይህ አንድ ምክንያት ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ዘይቱም፥ በመስከረም 1983 ዓ.ም የታወጀው የሸሪዓ ሕግም፥ የሠራዊቱ ዝውውርም አሉበት። ነገር ግን ሰዎች ቅሬታቸውን የሚያሰሙበት ቤት በተዘጋ ጊዜ ሌላ የሚሰማበት ቦታ መፈለጋቸው አይቀርም።

አቤል አሊየር ከሥልጣን ከወጡ በኋላ ወደ ሕግ ሙያቸው ተመለሱ። በ1990 ዓ.ም ስለ ደቡብ ሱዳንና ስለ ፈረሱት ውሎች በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳተሙ። የመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። በ2008 ዓ.ም የሱዳን ብሔራዊ የምርጫ ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሆነው ተሾሙ። በሚያዝያ ወር 2010 ዓ.ም የተደረገውን የመላው ሱዳን ምርጫ የመሩት እሳቸው ናቸው። በድምፅ የገቡ፥ በድምፅ የወጡ፥ በትእዛዝም የተሻሩ ሰው፥ በሽምግልናቸው የሌሎችን ድምፅ ቆጣሪ ሆኑ። በምርጫው ላይ ብዙ ወቀሳ ተሰንዝሯል፤ ታላላቅ ፓርቲዎችም አንገባም ብለው ቀርተዋል። ሆኖም በዚያ ምርጫ የደቡብ ሰው ፕሬዚዳንቱንና እንደራሴዎቹን መረጠ፤ በጥር 2011 ዓ.ም ደግሞ በሕዝበ ውሳኔ ከመቶ 98.83 ያህሉ ለነጻነት ድምፅ ሰጠ።

ነጻነት በሐምሌ 9 ቀን 2011 ዓ.ም ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ለ2015 ዓ.ም የታሰበው ምርጫ በጦርነት ምክንያት ቀረ። በ2021 ዓ.ም እንደገና የተቋቋመው የሕግ ምክር ቤት 550 አባሎች በሰላም ውሉ መሠረት በየፓርቲያቸው ቀርበው የተሾሙ እንጂ የተመረጡ አልነበሩም። ለታኅሣሥ 2024 ዓ.ም የተቀጠረው ምርጫም በመስከረም ወር ወደ ታኅሣሥ 2026 ዓ.ም ተላለፈ። በ1978 ዓ.ም ጁባ ለአገሩ ያሳየችው ሥርዓት ከመጽሐፍ የሚነበብ ነገር ሆኖ ብዙ ዘመን ቆየ።

ይህ ሁሉ ለመምህር ምን ይጠቅመዋል ቢባል፥ መልሱ ከክፍሉ አይርቅም። በየትምህርት ቤቱ የክፍል አለቃ በተማሪዎች ድምፅ ይመረጣል። መምህሩ ግን አንድ ቀን ይቆጣና አለቃውን በአንድ ቃል ሽሮ ሌላውን ያስነሣል። ልጆቹም ዝም ይላሉ፤ አዲሱ አለቃ ወዳጆች ካሉት ደግሞ ያጨበጭባሉ። መምህሩ በዚያ ቀን ሒሳብ ወይም ጂኦግራፊ ያስተማረ ይመስለዋል፤ ያስተማረው ግን ሹም ሽርን ነው። አለቃው ካጠፋ ጉዳዩ ለመረጡት ልጆች ይቅረብ፤ እነሱ ሰምተው ይፍረዱ፤ የተሻረውም ወደ ወንበሩ ተመልሶ ትምህርቱን ይቀጥል። ለወዳጅ የሚመች ትእዛዝ ሲመጣም ሕጉን መጠየቅ እንደሚገባ ልጁ ከዚያች ትንሽ ክፍል ይማር። የ1980 ዓ.ም ሰዎች ሳይጠይቁ የቀሩት ይህንኑ ነበር፤ የከፈሉትም ዋጋ ታይቷል።

በመምህራን ማሠልጠኛ የሚማሩ ወጣቶች ነገ በየመንደሩ ሲሰማሩ፥ ከፊታቸው የሚቀመጡት ልጆች የነገ መራጮችና የነገ እንደራሴዎች ናቸው። ማሸነፍን የሚያስተምራቸው ብዙ አለ። ተሸንፎ በሰላም መውረድን፥ ያሸነፈውንም ጠብቆ ዘመኑን ማስፈጸምን ግን ከመምህራቸው በቀር የሚያስተምራቸው ጥቂት ነው። ይህን አደራ ለመወጣት እግዚአብሔር ለመምህራን ሁሉ ብርታቱን ይስጥ።